ድጋፉ ከዘር ወቅት በፊት ይታወቅ፣ ስም ዝርዝሩም በአደባባይ ይለጠፍ፤ ስለ ጎንደር አርሶ አደሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ግብርና ቢሮ
ለማዕከላዊ፣ ለሰሜን እና ለምዕራብ ጎንደር ዞኖች ግብርና መምሪያዎች

ጉዳዩ፡- ለአርሶ አደሩ የሚመደቡ ድጋፎች፣ ድጎማዎችና ብድሮች በወቅቱና በግልጽ እንዲታወቁ ስለመጠየቅ

ዘንድሮ ጥምቀትን ለማክበር ከደንቢያና ከምሥራቅ በለሳ የመጡ ዘመዶቼ አዘዞ በሚገኘው ቤቴ አርፈው ነበር። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው በሰላም ከተመለሱ በኋላ ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት ወሬው እንደ ወትሮው ወደ ማሳና ወደ ከብት ዞረ። በደንቢያ ሦስት ቃዳ መሬት የሚያርሰው የአጎቴ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት በቀበሌው የውሃ መሳቢያ ሞተር በድጋፍ መሰጠቱን ያወቀው ጎረቤቱ ከወንዝ ውሃ ስቦ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ በዓይኑ ካየ በኋላ እንደሆነ አጫወተን። ቀጥለው ከበለሳ የመጡት አክስቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ያ ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ ልጄ፣ አምና የሰጡኝ ገንዘብ ብድር ነው ወይስ ስጦታ?» አሉኝ። በገንዘቡ ሦስት በግ ገዝተዋል፤ በጎቹም ረብተዋል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን «መልሱ» እባላለሁ ብለው በመስጋት አንዲት ጠቦት እንኳ ሳይሸጡ፣ ለመኖ እየተቸገሩ እስከ ዛሬ ቆይተዋል።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት፣ ኋላም በወረዳ ባለሙያነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ለምን እንዳልሰማ፣ አክስቴም ለምን እንዳልገባቸው አሳምሬ አውቃለሁ። በክልላችን ለአርሶ አደሩ የሚደረገው ድጋፍ ጥቂት አይደለም። የማዳበሪያ ድጎማ አለ፤ የሴፍቲኔት የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ አለ፤ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አለ፤ የእርሻ መሣሪያ የሚከራዩ ተቋማት አሉ፤ በየጊዜው ከፕሮጀክቶች የሚመጣ የዘር፣ የጫጩት፣ የሞተርና የንብ ቀፎ ስርጭት አለ። ጉድለቱ ያለው ይህ ሁሉ ከቢሮ ተነሥቶ ጎጥ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድና ጊዜ ላይ ነው፤ የምጠይቀውም ይህ መንገድ እንዲጠረግ ነው።

መንገዱን ከውስጥ ሆኜ ስላየሁት እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። አንድ ድጋፍ ሲፈቀድ ደብዳቤው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በየደረጃው ይመዘገባል፣ ይመራል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ቀበሌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የቀረው ሦስት ወይም አራት ቀን ነው፤ «እስከ ዓርብ የተጠቃሚ ስም ዝርዝር ይላክ» የሚል ትእዛዝም ተያይዞበት ይመጣል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ባለሙያ ወንዝ ማዶ ያሉትን ጎጦች አዳርሶ፣ ሰው ሰብስቦ፣ መሥፈርቱን አስረድቶ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ስልክ ያላቸውን፣ ከመንገድ ዳር የሚኖሩትን፣ በስብሰባ የሚያውቃቸውን፣ ሞዴል የሚባሉትን አርሶ አደሮች ይጽፋል። እኔም ይህንን አድርጌያለሁ። በአንድ ወቅት ለአሥር አባወራ የሚሆን የተሻሻለ ቀፎ ድጋፍ ሲመጣ በአንድ ቀን ውስጥ አሥሩንም ስም ሞልቼ ላክሁ፤ ከአሥሩ ስምንቱ ከልማት ጣቢያው የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቁ ነበሩ። ከገደል ማዶ በባህላዊ ቀፎ ለዓመታት ንብ ሲያነቡ የኖሩት አዛውንት ከሁለት ወር በኋላ ገበያ ላይ አግኝተውኝ «እኛን ማን ያስታውሰን» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ጉቦ አልበላሁም፣ ዘመድም አልጠቀምኩም፤ ሆኖም ድሃውን የበደለ ሥራ ሠርቻለሁ። በዚያው መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ባለሙያዎችም ዛሬ ያንኑ በደል ሳይወዱ እየደገሙት እንደሆነ እገምታለሁ።

ከዚህም የሚብሰው የዘመን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የአርሶ አደሩ ዓመት ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ገንዘብ፣ ዘርና ማዳበሪያ እጁ ላይ ሊኖር የሚገባው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ወረዳው ያለፈውን በጀት ሊዘጋ ይጣደፋል። አዲሱ በጀት ተደልድሎ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ዕቃ ተገዝቶ ሲያበቃ ደግሞ የመኸር ሰብሉ አብቦ ወይም ታጭዶ ይገኛል። ያልተሠራበት ገንዘብ «ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ በዓመቱ ማብቂያ በችኮላ የሚወጣበትን ጊዜም አሳልፌያለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ወረዳ ለበጋ መስኖ የታሰበ የሽንኩርት ዘር ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ገብቶ መሬቱ በጨቀየበት ሳምንት ሲከፋፈል አይቻለሁ። አርሶ አደሮቹ ዘሩን ተቀብለው፣ ፈርመው፣ ወስደው ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አስቀመጡት። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ቶሎ የመብቀል ኃይሉን ከሚያጡ ዘሮች አንዱ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቤት ወራት ከተቀመጠ ይሞታል። በኅዳር መደብ ሠርተው ሲዘሩት የበቀለው እዚህም እዚያም ጥቂት ነበር። በሪፖርቱ ላይ ግን ድጋፉ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማው አለና።

ስለዚህ አንድ ድጋፍ ተሰጠ ለማለት ከፊርማው ቀጥሎ ወቅቱም መታየት አለበት። በደንቢያ ሽምብራ የሚዘራው በመስከረም፣ መሬቱ የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ነው። በወገራ ደጋ የገብሱና የነጭ ሽንኩርቱ ጊዜ ሌላ ነው፤ የጃናሞራና የበየዳ ብርድ ሌላ አቆጣጠር አለው፤ የመተማና የቋራ ቆላ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ለሁሉም አንድ የመዝጊያ ቀን የሚወስን ደብዳቤ ለአንዳቸውም አይሆንም።

የቆላውን ጉዳይ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ደጋው ነውና። ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተዘርቶ በመስከረም ማገባደጃና በጥቅምት ይታጨዳል። ሰሊጥ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰብል አይደለም። ፍሬው ሲደርስ ቆባው ይከፈታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ እንዲደርቅ ካልተደረገ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው ትልቁን ወጪ የሚያወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ሁለተኛው በመስከረም ለአጨዳ። ሁለቱም በጥሬ ገንዘብ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈሉ ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት ከሕጋዊ ተቋም ብድር ያላገኘ ገበሬ ምርቱን ማሳ ላይ እያለ፣ ገና ሳይታጨድ፣ በአነስተኛ ዋጋ ለነጋዴ ቃል ይገባል፤ ወይም በአራጣ ይበደራል። ኋላ ሰሊጡ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ትርፉ የእሱ አይሆንም። በኅዳር የሚፈቀድ ብድር ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ለአረምና ለአጨዳ የሚሆን ብድር በሁለት ዙር፣ አስቀድሞ በተጻፈ ቀን እንዲለቀቅ ከባንኮችና ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ጋር መነጋገር የመምሪያው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰቦችን ከረኃብ ታድጓል፤ መሥራት የሚችሉት በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርተው፣ አቅመ ደካሞች ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ይረዳሉ። በኋላኞቹ ምዕራፎች ለድሃ ድሃ ለሆኑት ቤተሰቦች ጥሪት እንዲያፈሩ የማይመለስ የኑሮ ማሻሻያ ገንዘብ መስጠት ተጀመረ፤ ትንሽ ሻል ያሉት ደግሞ ብድር እንዲያገኙ ተደረገ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በመስክ ግን ሁለቱም «የሴፍቲኔት ገንዘብ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ቢሮ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ ይመጣሉ። አክስቴ የነገሩኝን አገጣጥሜ የተሰጣቸው የማይመለሰው እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ነገር ግን እጃቸው ላይ ይህን የሚል አንድም ወረቀት ስለሌለ የተናገርኩት ከልምድ ብቻ ነው። የተገላቢጦሹም ይደርሳል። ብድርን ስጦታ መስሏቸው የበሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከነወለዱ ሲጠየቁ በሬያቸውን የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። በአንድ ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከደረሰ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ብድር በጎ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ይፈራዋል፤ ክፉ የሚያስበው ደግሞ «ይሰረዛል» እያለ አይመልስም።

ሆኖም ሴፍቲኔቱ አንድ የሚያስመሰግን አሠራር አለው፤ ልመናዬንም የምመሠርተው በዚሁ ላይ ነው። የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፤ ዝርዝሩ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ ቅር የተሰኘ ሰው የሚሄድበት የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በተግባር ይህ ሁሉ በየቦታው በእኩል ይሠራል አልልም፤ ሕጉ ግን አለ፣ ሕዝቡም ያውቀዋል፣ ስሙ ሲቀር «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ስንዴ ለሚሰፈርለት ድሃ የተፈቀደው ግልጽነት፣ ሞተር፣ ትራክተር፣ ቀፎና ምርጥ ዘር በሚከፋፈልበት ጊዜ ለምን ይጠፋል? የፓምፑ ተጠቃሚዎች ስም የአጎቴ ልጅ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ፣ እሱ በዚያ ዓመት ባያገኝ እንኳ ለምን እንዳላገኘና በሚቀጥለው ምን አዘጋጅቶ መምጣት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ስለ ማዳበሪያ ድጎማ አንድ ቁም ነገር ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ መንግሥት ማዳበሪያን እንደሚደጉም በይፋ አሳውቋል። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚገባ የብር አቅም ሲቀንስ ዋጋው እንደሚንር ማንም ይረዳል፤ ድጎማው ባይኖር ሸክሙ ምን ያህል ይከብድ እንደነበርም እገነዘባለሁ። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ ድጎማውን አያየውም። እሱ የሚያየው ከመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የሚከፍለውን ዋጋ ነው፤ ያም ዋጋ ካምናው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ተደግፌያለሁ ብሎ አያስብም፤ ተዘርፌያለሁ ብሎ የሚያስብም አለ። ክልላችን የግብዓት ሽያጩን በቫውቸር ማካሄድ ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያው ቫውቸር ወይም በደረሰኙ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ቢታተም ይበቃ ነበር፦ የማዳበሪያው ሙሉ ዋጋ ይህን ያህል፣ መንግሥት የሸፈነው ይህን ያህል፣ እርስዎ የከፈሉት ይህን ያህል። ያኔ ከተተመነው በላይ የሚያስከፍል ሰው ቢኖር ገበሬው ራሱ ደረሰኙን አውጥቶ ይከራከራል። በጓሮ የሚሸጥ ማዳበሪያ ዋጋው ከተፈቀደው ስንት እጥፍ እንደሆነም ለማወቅ መለኪያ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀለምና ፈቃደኝነት እንጂ አዲስ በጀት አይመስለኝም።

ብድርን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ ለውጥ በሕግ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ሰብልና የእርሻ መሣሪያ በዋስትና እንዲያዙ መንገድ ከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው አርሶ አደር የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ይፈቅዳል። በክልላችን ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንደሚለጠፍ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በአካባቢዬ የማውቃት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት፣ ደብተሩ በእጇ እያለ፣ ስሟም ፎቶዋም እያለበት፣ አንድ የብድር ተቋም ዘንድ ሄዳ «ወንድ ዋስ አምጪ» ተብላ ተመልሳለች። ዋስ የሚሆን ወንድም የላትም፤ የባሏ ወገኖችም ስለ መሬቱ ይከራከሯታል። ሕጉ ከወጣ በኋላ እንኳ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ የብድር ተቋሙ ሠራተኛና እሷ ራሷ ሕጉን አልሰሙም ነበር። ያ ወረቀት በሕግ የሰጣትን አቅም ማንም ስላልነገራት፣ ያ ዓመት ጥጃዋን በመሸጥ አለፈ።

የብድር ተቋማቱን ችግርም አልክድም። የብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጣሪያው ከፍ እንዲል ቢወሰንም፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው በትንሹ የሚበደረው ገበሬ እንደሆነ ማሰብ ይቻላል። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ወደ ፀደይ ባንክ ከተለወጠ ወዲህም በየገጠሩ የነበረውን የቡድን ዋስትና ብድር የለመደው አርሶ አደር አዲሱን አሠራር ገና በመልመድ ላይ ነው። የእስልምና እምነት ተከታዮች የሆኑ አርሶ አደሮች ደግሞ ከወለድ ነፃ አማራጭ በአቅራቢያቸው ካልቀረበ ከብድሩ ጨርሶ ይርቃሉ፤ ይህም በጎንደር ዙሪያና በመተማ ቀላል ቁጥር ያለው ሕዝብ አይደለም። እነዚህን ነገሮች ግብርና መምሪያ ብቻውን እንደማይፈታቸው አውቃለሁ። የማሳወቁ ኃላፊነት ግን የመምሪያው ነው።

ስለ እርሻ መሣሪያ አጭር ነገር ልበል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል። እንደ ኢትዮጵያ ልማት ባንክ ባሉ ተቋማት የካፒታል ዕቃ ኪራይ አሠራር ተከራዩ የዋጋውን 20 በመቶ አዋጥቶ ቀሪውን እየሠራ ይከፍላል፤ በክልላችንም ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመ ነው። ለአንድ አርሶ አደር የትራክተር 20 በመቶ ራሱ የማይደረስበት ነው። በኩታ ገጠም የሚያርሱ ሃያና ሠላሳ አባወራዎች ግን በመሠረታዊ ማኅበራቸው በኩል ቢያዋጡት የሚቻል ነገር ነው። ለምሳሌ በወገራ ገብስ በኩታ ገጠም የሚያርሱ ማኅበራት ይህንን ሊያደርጉ ይችላሉ፤ የሚጎድላቸው ሰነዱን የሚያዘጋጅላቸው ሰው ነው። የንግድ ዕቅድ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የአባላት ቃለ ጉባኤ ሲባል የሚሸሹት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ስለሌለ ነው። በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ የገጠር ወጣቶች መሬት ስለሌላቸው በማኅበር ተደራጅተው ማደለብ ወይም ንብ ማነብ ቢፈልጉም፣ ስለ ፈንዱ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከተማ ዘመድ ያላቸው ነበሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የሂሳብ ትምህርት ተማሪዎች በተግባር ልምምድ ጊዜያቸው እየወጡ ለማኅበራት ይህንን ሰነድ ቢያዘጋጁ ተማሪውም ይማራል፣ ማኅበሩም ይጠቀማል፤ ይህንን ሐሳብ መምሪያዎቹ ለዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ቢያቀርቡት ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬን በግልጽ ላስቀምጥ። በየዓመቱ የካቲት ከማለቁ በፊት ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ። በዚያ ገጽ ላይ በዚያ ዓመት ለዚያ ቀበሌ የሚመጣው ድጋፍ ሁሉ ቀላል በሆነ አማርኛ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ስጦታ ነው»፣ «ድጎማ ነው» ወይም «ብድር ነው፣ ወለዱ ይህን ያህል ነው» የሚል ቃል ሳይሸሸግ ይስፈር፤ ማን እንደሚያመለክት፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብም ይካተት። ገጹ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልና በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ፣ በገበያ ቀን በገበያው፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ይነበብ። ሴቶች የወረዳ ስብሰባ ላይ ላይገኙ ይችላሉ፤ ዕድርና ገበያ ላይ ግን ይገኛሉ። በ8028 የአርሶ አደሩ ነፃ የስልክ መስመርም ስለ አዘራርና ስለ ተባይ የሚሰጠው ምክር ላይ ስለ ድጋፎች የሚመልስ ክፍል እንዲጨመር ለሚመለከተው ተቋም ጥያቄ ይቅረብ።

በዓመቱ መካከል ድንገት የሚመጣ ድጋፍ ቢኖር፣ ደብዳቤው ቀበሌ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ መዝጊያው ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን እንዲሰጥ በመመሪያ ይወሰን። ሃያ አንድ ቀን ብዬ የጠየቅሁት በአንድ ሩቅ ጎጥ ቢያንስ ሁለት እሑድ፣ ሁለት ዓርብና ሁለት የገበያ ቀን እንዲያልፍ ነው። የተመረጡት ሰዎች ስም ከመላኩ በፊት ለሰባት ቀን ይለጠፍ፤ ካልተለጠፈ ወረዳው ዝርዝሩን አይቀበል። ለመስኖ የሚሆን ዘርና ሞተር ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ካልደረሰ ዕቃው በመጋዘን በአግባቡ ተቀምጦ ለቀጣዩ ወቅት ይተላለፍ እንጂ ለሪፖርት ሲባል በክረምት አይከፋፈል። ከፋይናንስ መመሪያ ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ከክልሉ ገንዘብ ቢሮ ጋር ተነጋግሮ መፍታት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ስጠይቅ የባለሙያውን ጫና አልዘነጋሁም። ካለፉት ዓመታት ጦርነትና አሁንም ካለው የጸጥታ ችግር የተነሣ ያልተኬደባቸው ቀበሌዎች አሉ፤ ቢሯቸው የተዘረፈ፣ ሰነዳቸው የተቃጠለ አሉ፤ ደመወዛቸው ከዋጋ ንረቱ ጋር የማይመጣጠን ወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ይመላለሳሉ። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነው። በዚህ ጊዜ የተለጠፈ ወረቀት ከሚመላለስ ሰው የተሻለ ጥበቃ ይሆናቸዋል፤ ስሙን ያላየ ሰው በግል የሚጠይቀው ባለሙያውን ሳይሆን በበሩ ላይ የተጻፈውን መሥፈርት ይሆናልና። በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ያ አዛውንት ንብ አናቢ ገበያ ላይ የጠየቁኝን ጥያቄ አይጠይቁኝም ነበር።

የዘንድሮው የመኸር ዝግጅት ሊጀመር የቀረው ከሦስት ወር አይበልጥም። ከተፈቀደልኝ፣ ለአንድ ቀበሌ የሚሆነውን የመጀመሪያ ገጽ ረቂቅ በእጄ አዘጋጅቼ ለመምሪያው ለማስረከብ፣ ለሙከራ በሚመረጥ ቀበሌም ያለ ክፍያ ተገኝቼ ለማንበብ ፈቃደኛ ነኝ። አክስቴ ከጥምቀት በኋላ ወደ በለሳ ሲመለሱ አንድ ወረቀት ላይ «የተሰጠዎት የማይመለስ ድጋፍ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ሄደዋል። ማኅተም ስለሌለው ግን በጎቹን ለመሸጥ አሁንም የወረዳውን ቃል እየጠበቁ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ጡረተኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
አዘዞ፣ ጎንደር